ጢስ ዓባይ፦ የመብራቱና የፏፏቴው ድርሻ

በዚህ ወር የጉዞ ዓምዳችን ወደ ባሕር ዳር ይዘናችሁ እንሄዳለን። ባሕር ዳር ሲባል ብዙዎቻችሁ ጣናን፣ ዘንባባውንና ሰፋፊ ጎዳናዎቿን ታስባላችሁ። እኛ ግን ልናወጋችሁ የፈለግነው ከከተማይቱ በስተደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ስለምትገኘው ስለ ጢስ ዓባይ ከተማና እዚያ ስላለው የውሃ ኃይል ማመንጫ ነው። ወደ ጢስ ዓባይ የሚሄድ እንግዳ ሁሉ የሚሄደው ፏፏቴውን ሊያይ ነው። ማመንጫውን ላይ ብሎ የሚነሳ ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን የአንዱን ታሪክ ሌላውን ትቶ መናገር አይቻልም።

አካባቢውን በ2022 ሁለት ጊዜ አይተነዋል፤ አንዴ በመጋቢት፣ አንዴ በመስከረም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመጋቢት ያገኘነው ፏፏቴ ሰፊ ጥቁር የድንጋይ ግድግዳ ነበር፤ በአንድ ጎኑ ብቻ ነጭ ነጠላ የተሰቀለበት የሚመስል ቀጭን ውሃ ይወርዳል። ከአጠገቡ ቆመን ያለ ጩኸት ተነጋግረናል። በመስከረም ስንመለስ ያው ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር በቡናማ ውሃ ተሸፍኖ፣ ድምፁ ገና ከሩቅ ተቀበለን፤ ወደ መመልከቻው ሳንደርስም ልብሳችን ረጠበ። ልዩነቱ የበጋና የክረምት ብቻ ነው? ወይስ የሰው እጅም አለበት? ይህን ጥያቄ ይዘን ነው የዞርነው።

የጢሱ ዝና

ጥንት እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ቅላጭ ድንጋይ ቀዝቅዞ የውሃውን መውጫ በመዝጋቱ ጣና ሐይቅ እንደተፈጠረ የምድር አጥኚዎች ይናገራሉ። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ በዚሁ ጥቁር ድንጋይ ላይ እየተንከባለለ ጢስ እሳት ይደርሳል፤ እዚያም 45 ሜትር ያህል ጥልቀት ወዳለው ገደል ይወረወራል። ወንዙ በሚሞላበት ወቅት የፏፏቴው ስፋት እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ከሥሩ የሚነሳው ጭጋግ ከሩቅ ሲያዩት የሚጤስ እሳት ስለሚመስል ስሙን ከዚያ አገኘ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እዚህ ቆሞ ተደንቋል። ከፏፏቴው በታች በ17ኛው መቶ ዓመት፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ ዛሬም ቆሟል። የዕድሜ ባለጸጎች አንባቢያን ደግሞ ይህን ፏፏቴ በሌላ መንገድ ያውቁታል፤ በ1 ብር ኖት ጀርባ ታትሞ በየኪሳችን ይዞር ነበርና።

ፏፏቴው ለዓይን ብቻ የተሠራ አይደለም። ከታች ያለው ዓሣ ይህን ገደል መውጣት ስለማይችል የጣና ዓሦች ከታችኛው ዓባይ ዘመዶቻቸው ተለይተው ኖረዋል። በሌላ በየትም ሐይቅ የማይገኙ ከ10 በላይ የሚሆኑ የቢልጫ ዓይነቶች በጣና መኖራቸው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የሚረጨው ጭጋግም በገደሉ ዙሪያ በጋ ከክረምት የሚለመልም ሣርና ቁጥቋጦ ያበቅላል። ወፉም ጦጣውም በዚያ ይኖራል። ውሃው ሲቀንስ ጭጋጉ ይቀንሳል፤ ጭጋጉ ሲቀንስ ልምላሜው ወደ ኋላ ይሸሻል። በመጋቢት ስንደርስ ሣሩ ቢጫ ሆኖ ያገኘነው ለዚህ ነው።

ውሃ እንዴት መብራት ይሆናል?

ታዳጊ አንባቢያን ብዙ ጊዜ ይህን ጥያቄ ይጽፉልናልና ባጭሩ እንመልስ። ከከፍታ የሚወርድ ውሃ ጉልበት አለው። በገደሉ ራስ ላይ ወንዙን በቦይ ወደ ጎን ጠልፎ፣ በትልቅ የብረት ቧንቧ ወደ ታች ለቆ፣ ከታች ያለውን መዘውር ማለትም ተርባይን እንዲያዞር ማድረግ ነው። ተርባይኑ ጄኔሬተሩን ያዞራል፤ ጄኔሬተሩ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ውሃው ሥራውን ሲጨርስ ከፏፏቴው በታች ተመልሶ ወንዙን ይቀላቀላል። ስለዚህ ማመንጫው ውሃውን አይጠጣውም፤ አያቃጥለውም፤ መንገዱን ብቻ ይለውጠዋል። ይህን ነጥብ ልብ በሉልን፤ የጢስ ዓባይ ጣጣ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነውና። በቧንቧ የወረደ ውሃ በገደሉ ላይ አይወርድም።

ሒሳቡን በጄሪካን እንሥራው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ሊትር ነው፤ በየቤታችን ባለችው ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጄሪካን 50 ጄሪካን ይሆናል። በየሴኮንዱ 50 ጄሪካን ውሃ 50 ሜትር ከሚሆን ከፍታ ቢወርድ 400 ኪሎ ዋት ያህል ኃይል ይገኛል። ከጣና የሚወጣው ዓባይ በተፈጥሮው በዓመት 3.9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ይህን ለዓመቱ ሴኮንዶች ብናካፍለው በአማካይ በሴኮንድ 6,000 ጄሪካን ይደርሳል። አማካይ ስለሆነ ግን እንዳያታልለን፤ በመስከረም ከዚህ ብዙ ይበልጣል፣ በግንቦትና በሰኔ ብዙ ያንሳል።

የመጀመሪያው ጉንጭ

የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ1964 ሥራ ጀመረ። ሦስት ማሽኖች ነበሩት፤ ጠቅላላ አቅሙ 11.4 ሜጋ ዋት ብቻ ነው። በዚያ ዘመን ባሕር ዳር ገና ከመንደርነት ወደ ከተማነት እያደገች ነበር፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋም ኃይል ይፈልግ ነበር። ትንሿ ጣቢያ ለፋብሪካውና ለከተማይቱ ደረሰችላቸው። በእኛ የጄሪካን ሒሳብ ይህች ጣቢያ በሙሉ አቅሟ ስትሠራ በሴኮንድ 1,500 ጄሪካን ያህል ትወስዳለች። ከ6,000 ላይ 1,500 ሲነሳ የሚቀረው ብዙ ነው። ስለዚህ ፏፏቴውና ጣቢያዋ ለ30 ዓመታት ተቻችለው ኖሩ ማለት ይቻላል። በደረቁ ወራት ፏፏቴው ቢሳሳም፣ ቀድሞም በእነዚያ ወራት ይሳሳ ነበርና የሚገረም አልነበረም።

የዚያችን ጣቢያ ውለታ መካድ ግፍ ነው። መብራት በገባበት ቤት ልጅ በኩራዝ ጭስ ዓይኑን ሳያሳምም ያነባል። ወፍጮ በቆመበት ሰፈር እናት ሌሊት ተነስታ በድንጋይ አትፈጭም። ጤና ጣቢያው መድኃኒቱን በማቀዝቀዣ ያቆያል። ናፍጣ በዶላር ሳይገዛ፣ ጭስም ሳይወጣ የሚገኝ ኃይል ነው። አንዳንዶች አካባቢን ስለ መጠበቅ ሲያወሩ መብራትን እንደ ቅንጦት ያዩታል። እኛ እንደዚያ አንልም። በእንጨት ምድጃ ፊት የጠቆረች እናት ያለው ሰው እንደዚያ ሊል አይችልም።

ሁለተኛው ጣቢያ ሲመጣ

ነገሩ የተለወጠው በሁለት እርምጃ ነው። የመጀመሪያው እርምጃ በ1996 የተጠናቀቀው የጨረጨራ ግድብ ነው። ግድቡ ያለው ባሕር ዳር አጠገብ፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አፍ ላይ ነው። ቁመቱ ትንሽ ነው፤ አላፊ አግዳሚው ግድብ መሆኑን ላያስተውለው ይችላል። ሥራው ግን ትልቅ ነው፤ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ለሚሰፋ ሐይቅ በርና ቁልፍ ሠራለት። በክረምት የሚገባውን ውሃ ይዞ በበጋ ይለቃል። በመጀመሪያ ሁለት መዝጊያ በሮች ብቻ ነበሩት፤ በ2001 አምስት ተጨምረው ሰባት ሆኑ። የሐይቁ ወለልም ከባሕር ጠለል በላይ በ1,784 እና በ1,787 ሜትር መካከል እንዲወጣና እንዲወርድ ታቀደ።

ሁለተኛው እርምጃ በዚያው በ2001 ሥራ የጀመረው ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ጣቢያ ነው። አቅሙ 73 ሜጋ ዋት ነው፤ ከመጀመሪያው ስድስት እጥፍ ይበልጣል። በአገር ደረጃ ሲታይ መጠነኛ ጣቢያ ነው። እዚያው ዓባይ ላይ ተሠርቶ በመስከረም 2025 የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት አቅም እንዳለው ስታስቡ 73 ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ይገባችኋል። ነገር ግን ትንሽነት የሚለካው ከሌላ ግድብ ጋር ብቻ አይደለም፤ ከሚቀዳበት ወንዝ ጋርም ነው። 73 ሜጋ ዋት ለማመንጨት በሴኮንድ 150 ሜትር ኩብ ያህል፣ ማለትም 7,500 ጄሪካን ውሃ ያስፈልጋል። የወንዙ አማካይ ደግሞ 6,000 ነው። መጠነኛ የተባለው ጣቢያ ለዚህ ወንዝ መጠነኛ አልነበረም፤ በብዙ ወራት ያለውን ሁሉ ሊወስድ የሚችል ነበር።

ውጤቱም በዓይን የሚታይ ሆነ። ከ2001 በኋላ ባሉት ዓመታት ፏፏቴውን ሊያዩ የመጡ እንግዶች ብዙ ጊዜ ደረቅ ገደል አይተው ተመለሱ። ይህን የመረመሩ የውሃ ባለሙያዎች የወንዙ ክፍል መሠረታዊ ሕይወቱን ይዞ እንዲቆይ በዓመት በአማካይ 862 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ በገደሉ በኩል ሊለቀቅለት እንደሚገባ አስልተዋል። ይህ ከወንዙ ዓመታዊ ፍሰት 22 በመቶው ነው። በጄሪካን ብናሰላው በሴኮንድ ወደ 1,370 ይሆናል። እንዲሁም በድርቅ ዓመት እንኳ በየትኛውም ወር ከ3.7 ሜትር ኩብ በሴኮንድ፣ ማለትም ከ185 ጄሪካን በታች መውረድ የለበትም ብለዋል። እንግዲህ ባለሙያዎቹ ጣቢያው ይዘጋ አላሉም፤ ከአምስት እጅ አንዱን ለወንዙ ተውለት ነው ያሉት።

ሐይቁ በሸሸበት ዓመት

ጣጣው በፏፏቴው ብቻ አልቆመም። በ2002 በአገራችን ዝናብ ክፉኛ አነሰ። ሐይቁ በወጉ አልሞላም፤ ከታች ያለው ጣቢያ ግን ውሃውን ይፈልጋል። መብራት የሚጠብቀው ከተማና ፋብሪካም አለ። በሮቹ ተከፍተው ውሃው ሲለቀቅ በ2003 የጣና ወለል መለካት ከጀመረ ወዲህ ታይቶ ወደማይታወቅ ዝቅታ ወረደ።

እዚህ ላይ አንድ ቁጥር አስተውሉ። በጣና ላይ የሚመላለሱት ጀልባዎችና መርከቦች በደኅና እንዲሠሩ የውሃው ወለል ከ1,785 ሜትር በታች መውረድ አልነበረበትም። ለማመንጫው የተፈቀደው ዝቅታ ግን 1,784 ነው። ማለት በዕቅዱ ወረቀት ላይ ራሱ መርከበኛውን ደረቅ ላይ የሚያስቀር አንድ ሜትር ነበረ። ያ አንድ ሜትር በ2003 እውን ሆነ፤ የሐይቁ መርከቦች ለአራት ወራት ያህል ቆሙ። በደሴትና በየዳርቻው ያለው ሕዝብ እህሉንም በሽተኛውንም የሚያሻግርበት መንገድ ተዘጋበት።

ጣና ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። በፎገራና በደንቢያ በኩል ደግሞ ዳርቻው እንደ ሰፌድ ዝርግ ነው። በዚህ ዓይነት ዳርቻ ውሃው በቁመት አንድ ክንድ ሲጎድል በአግድም ብዙ ርቆ ይሸሻል። የተገለጠውን መሬት ገበሬ አረሰው። አያስወቅሰውም፤ መሬት የጠበበው ሰው ነው። ነገር ግን የታረሰው መሬት ዓሣ የሚራባበትና ደንገል የሚበቅልበት ጨፌ ነበር። የዓሣው ምርት ቀነሰ፤ ሰፊ የደንገል ጫካም ጠፋ።

ደንገል ለጠፋበት ቤት

ደንገል ምንድን ነው የምትሉ ካላችሁ፣ በሐይቁ ዳር ከውሃው ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚያድግ፣ ራሱ እንደ ጃንጥላ የተበተነ ቄጠማ መሰል ተክል ነው። ታንኳ የሚሠራው ከእርሱ ነው። ይህን ጥበብ ከማንም በላይ የሚያውቁት በጣና ዙሪያ የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ናቸው። አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። ዘመናት ሙሉ ከሐይቁ ጋር ኖረዋል፤ ኑሯቸው ዓሣው፣ ታንኳው፣ ሰሌኑና ቅርጫቱ ነው። ጎረቤቶቻቸው በአመጋገባቸውና በሥራቸው ምክንያት ለረዥም ጊዜ አግልለዋቸዋል። ይህም እኛን ሙስሊሞችን ጭምር ሊያሳፍረን የሚገባ ነገር ነው።

በባሕር ዳር ከዳርቻው ሰፈሮች በአንዱ አንድ ታንኳ ሠሪ አዛውንትን አነጋገርናቸው። እግራቸውን ዘርግተው፣ የደንገሉን ዘለላ በጉልበታቸው እየያዙ ያስሩ ነበር። «ልጆቼ» አሉን፣ «ድሮ ደንገል ፍለጋ አንሄድም ነበር፤ ከደጃችን ነበር። አሁን ግማሽ ቀን ቀዝፌ ነው የማመጣው። ታንኳ ደግሞ ዕድሜ የለውም፤ ውሃ ጠጥቶ ከበሰበሰ ሌላ መሥራት ነው። ታንኳው በበሰበሰ ቁጥር ደንገሉ ይርቃል።» ልጆቻቸው ሥራውን ይማሩ እንደሆነ ጠየቅናቸው። «ይችላሉ» አሉ፤ «ምን ያደርግላቸዋል? አንዱ የቀን ሥራ ሄዷል፤ አንዱ ይማራል። ይማር። ደንገል የሌለበት አገር ታንኳ ሠሪ ምን ያደርጋል?»

የደንገሉ መጥፋት የማመንጫው ሥራ ብቻ ነው ብንል እውነት አይሆንም። እርሻው አለ፤ የከተማው መስፋፋትና በዳርቻው የተሠራው ግንባታ አለ። በ2011 በሐይቁ መኖሩ የተረጋገጠው እምቦጭም አለ፤ እርሱ የሚፋፋው ከማሳና ከከተማ ታጥቦ በሚገባው አፈርና ቆሻሻ ነው። ነገር ግን ሐይቁ በሩን በሰው እጅ ካስረከበ በኋላ የሚወርድበትና የሚወጣበት ጊዜ የሚወሰነው በደመናው ብቻ አይደለም። ውሳኔው የሰው ሲሆን ኃላፊነቱም የሰው ነው። ያን ውሳኔ ሲወስኑ ከነበሩት መካከል ታንኳ ሠሪው አልነበሩም።

የገደሉ ጎረቤቶች

በጢስ ዓባይ ከተማ ቡና የምታፈላ አንዲት እናት ዘንድ አረፍ ብለን ነበር። ወጣት አስጎብኚዎችም እዚያው ተሰብስበው እንግዳ ይጠብቃሉ። አንደኛው «ጋሼ፣ እኛ የፏፏቴው ልጆች ነን» አለን። «ውሃው ሲመጣ እንግዳ ይመጣል። እንግዳ ሲመጣ በቅሎ የሚያከራየው፣ ጀልባ የሚቀዝፈው፣ ነጠላ የምትሸጠው፣ ሁሉም ይበላል። ውሃው ሲደርቅ እንግዳው ፎቶ አንስቶ እኛን ይቆጣል፤ ገንዘቤን ብሉኝ ይላል። እኛ በሩን አልዘጋነው!»

ቡና አፍይዋ ሳቅ ብለው «እኔስ በሁለቱም ነው የምበላው» አሉ። «የጣቢያው ሠራተኛም ቡና ይጠጣል፤ ፈረንጁም ይጠጣል። ግን ልጅ ሆኜ ሌሊት የሚያስተኛኝ የውሃው ድምፅ ነበር። ድምፁ የጠፋ ጊዜ እናቴ ‹ምን ሆነ?› ብላ ተነሥታለች።» ከዚያ ወደ ገጠሩ እየጠቆሙ አንድ ነገር ጨመሩ፤ «ምሰሶው በማሳቸው አልፎ ለዓመታት በኩራዝ የኖሩ አሉ። እነሱ ምን ይበሉ?»

ይህ የመጨረሻው ቃል ከብዙ ጥናት ይበልጥ አስቆዝሞናል። የኃይል ማመንጫ ጥቅሙ ሩቅ ይሄዳል፤ ጉዳቱ እዚያው ይቀራል። መብራቱ በሽቦ ተጉዞ በማናውቀው ከተማ ማቀዝቀዣ ያስነሳል፤ የደረቀው ገደልና የሸሸው ሐይቅ ግን አይጓዝም። ስለዚህ ፍትሕ የሚባለው ነገር በራሱ አይመጣም፤ ታስቦና ተሰፍሮ መሰጠት አለበት። ከሁሉ በፊት መብራት ማግኘት የሚገባው ምሰሶው በማሳው የቆመበት ሰው ነው። ከጥቅሙ በቀጥታ ሊደርሰው የሚገባውም ፏፏቴው የተወሰደበት ወጣት ነው።

ጭነቱ ሲቀል

በግንቦት 2010 የጣና በለስ ማመንጫ ተመረቀ። አቅሙ 460 ሜጋ ዋት ነው። ውሃውን የሚወስደው በዓባይ አፍ ሳይሆን ከጣና ምዕራብ ዳርቻ፣ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም የምድር ውስጥ ዋሻ ነው። ውሃው ኃይል ሰጥቶ ወደ በለስ ወንዝ ይገባና ብዙ ርቆ ከዓባይ ጋር ይገናኛል። ያው አንድ ጄሪካን ውሃ ከጢስ ዓባይ ይልቅ እጅግ ከፍ ካለ ቦታ ስለሚወርድ ብዙ እጥፍ ኃይል ይሰጣል። ከዚያ ወዲህ የጢስ ዓባይ ጣቢያዎች ዋና ሥራ ተጠባባቂነት ሆነ።

ታዲያ ፏፏቴው ዳነ? በከፊል። ተርባይኖቹ ባልዞሩ ቁጥር የደረሰው ውሃ በገደሉ ላይ ይወርዳል። ነገር ግን ቀድሞ በዓባይ አፍ ይወጣ የነበረው ውሃ አሁን ከፊሉ በሌላ በር ይወጣል፤ በዋሻው የሄደ ውሃ ደግሞ ጢስ እሳትን በጭራሽ አያይም። በመጋቢት ያየነው ቀጭን ነጠላ፣ በመስከረም ያየነው ሰፊ ጋቢ የዚህ ሁሉ ድምር ነው፤ የወቅቱም፣ የበሮቹም፣ የዋሻውም። ልዩነቱ የሰው እጅ አለበት ወይ ለሚለው ጥያቄያችን መልሱ አዎን ነው። የሰው እጅ ያለበት መሆኑ ደግሞ ተስፋም ነው፤ የዘጋ እጅ መክፈትም ይችላልና። በ2015 ዩኔስኮ ጣናንና አካባቢውን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ማስፈሩም ሐይቁ የማመንጫ ገንዳ ብቻ እንዳልሆነ ምስክር ነው።

የወንዝ ሐቅ

የሸሪዓ ሊቃውንት ስለ ውሃ ሐቅ በሰፊው ጽፈዋል። የተጠማ ሰውና እንስሳ የመጠጣት ሐቅ ከሁሉ ይቀድማል፤ ከዚያ የመስኖ ሐቅ ይከተላል። ከላይ ያለው ባለማሳ ከታች ያለውን እስኪጎዳ ድረስ እንዳያስቀር ተወስኗል። ለጉድጓድና ለወንዝ ደግሞ ማንም የማይነካው ዙሪያ፣ ሐሪም የሚባል ክልል ይተውለታል። ተርባይን ባልነበረበት ዘመን የተጻፈ ነው፤ ሐሳቡ ግን ለተርባይን ዘመንም ይበቃል። ውሃው ለአንድ ሰው ብቻ አልተሰጠም፤ የሚወስድ ሁሉ ከእርሱ በታች ያለውን ማሰብ አለበት። ባለሙያዎቹ 22 በመቶ ብለው ያሰሉት ድርሻ፣ በእኛ አባባል የወንዙ ሐቅ ነው።

ከጢስ ዓባይ የምንማረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ትንሽ ማመንጫ ሁልጊዜ ትንሽ ጉዳት አለው ማለት አይደለም። በየአካባቢያችሁ በጅረት ላይ ጣቢያ ሊሠራ ነው ሲባል «ስንት ሜጋ ዋት?» ብላችሁ ብቻ አትተዉት፤ «ከወንዙ ስንት እጁ ይወሰዳል? በደረቅ ወር ስንት ይቀራል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ድርሻው ከግንባታው በፊት ይወሰን። ጣቢያው ከተሠራ፣ ፋብሪካው ከተከፈተ በኋላ መዝጊያውን ከፍቶ ለወንዙ ልልቀቅ የሚል ሹም ይቸገራል፤ ከተማ ጨለማ ውስጥ የሚገባው በእርሱ ጊዜ ነውና። ሦስተኛ፣ በሐይቁና በወንዙ የሚተዳደሩት፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ታንኳ ሠሪው፣ አስጎብኚውና ገበሬው ከመሐንዲሶቹ ጋር ተቀምጠው ይምከሩ።

በየቤታችንም ድርሻ አለን። ሰው በሌለበት ክፍል የሚበራ አምፖል ከአንድ ገደል ላይ የተቀነሰ ውሃ ነው። ምጣዱን ሲያሰሙ ደጋግሞ ከመለኮስ የሳምንቱን እንጀራ በአንድ ጊዜ መጋገር ኃይል ይቆጥባል። ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ማብሪያውን ሲያጠፉ «ሒሳብ እንዳይበዛ» ብላችሁ ብቻ አታስተምሯቸው፤ በሽቦው ሌላ ጫፍ ወንዝ፣ ዓሣና ጎረቤት እንዳሉም ንገሯቸው። ወጣቶች ደግሞ ምህንድስናውንም የተፈጥሮ ጥናቱንም ተማሩ። ነገ በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ከእናንተ አንዱ ነውና፣ ያን ጊዜ ታንኳ ሠሪው አዛውንት ከግማሽ ቀን ቀዘፋ ይልቅ ከደጃቸው ደንገል የሚያጭዱበትን ቀን አስቡላቸው።

አላህ አገራችንን በሰላምና በዝናብ ይባርክልን። በሚቀጥለው ወር በሌላ መንገድ እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዓለይኩም።